ወደ እንጦጦ ከመውጣት በፊት

ፍልሰታ ሲገባ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ ገና ሳይነጋ በነጠላ ይሞላል። ክረምቱ አልወጣም፤ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ያረፍዳል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ አያቆምም። ልጇን በአንቀልባ ያዘለች እናት፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለ ጎረምሳ፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ በሌላው የልጅ ልጃቸውን የያዙ አዛውንት ተከታትለው ዳገቱን ይወጣሉ። ከላይ ደግሞ ወገባቸው እስኪጎብጥ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። መተላለፊያው ላይ የሚወጣው ለሚወርደው መንገድ ይለቃል።

መንገደኛ የሚያየው ይህን ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በየቤቱ የሚሆነውን ግን ማንም አያይም። የተኳረፉ ወንድማማቾች ታረቁ ወይስ አልታረቁም? ባልና ሚስት በምን ተስማሙ? ንስሐ አባት መጡ ወይስ ሳይጠሩ ቀሩ? ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ እንጦጦ መንፈሳዊ ዝግጅት የሚቋጭበት ቦታ ነው። ዝግጅቱ ራሱ የሚሠራው በማጀት፣ በመኝታ ቤትና በምሳ ገበታ ዙሪያ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾሙ፣ ንስሐው፣ ቁርባኑና ጸበሉ አንድን ሰው ብቻውን አያገኙትም፤ ከነቤተሰቡ ነው የሚነኩት። ይህን ያልተረዳ ሰው ጸበል ቤት በር ላይ የሚያየው ሰልፍ ትርጉሙ ያመልጠዋል።

ተራራው የከተማዋ ሰሜናዊ አጥር ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንጦጦ ማርያም፣ እንጦጦ ራጉኤልና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በየራሳቸው ደን ተከበው ይገኛሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ እቴጌ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 27፣ እዚያው ዘውድ ጭነዋል። መስከረም 1 ቀን ከተማው ዓመቱን ሲጀምር ራጉኤል ይነግሣል። በየወሩ በ16 ኪዳነ ምሕረት ትታሰባለች፤ ዓመታዊው የቃል ኪዳን በዓል ደግሞ የካቲት 16 ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ተራራው የመዝናኛም ስፍራ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ መንገድ ላይ ስፖርት ልብስ የለበሱና ነጠላ ያጣፉ ሰዎች አብረው ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የልጆች ጾም

ቤተ ክርስቲያን ካወጀቻቸው ሰባት አጽዋማት ውስጥ ቤተሰብን በአንድ ላይ የሚይዝ እንደ ፍልሰታ ያለ የለም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል። 55 ቀን ከሚፈጀው ዐቢይ ጾም ጋር ሲተያይ አጭር ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ የሚሆንበት ወቅት ነው፤ ስለ እመቤታችን የሚጾም በመሆኑም ልጆች ይወዱታል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ጾሙ ፍልሰታ ነው።

የጾሙ መነሻ ታሪክም የማኅበር ታሪክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው እመቤታችን ካረፈች በኋላ ሐዋርያት ሥጋዋን ለማግኘትና ለመቅበር ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሱባኤ ይዘው ጾሙ፤ በ14ኛው ቀንም ቀበሯት። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ስታርግ ያያት ቶማስ ብቻ ነበር። ሌሎቹ በሚቀጥለው ዓመት እርሱ ያየውን እኛ ሳናይ እንዴት እንቀራለን ብለው ዳግመኛ በአንድነት ሱባኤ ገቡ፤ በነሐሴ 16ም የለመኑት ተፈጸመላቸው። አንዱ ያገኘውን በረከት ሌላው እንዳይቀርበት በአንድነት የተያዘ ጾም ነው። ወላጆች ታሪኩን ለልጅ ሲነግሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ይህ ነጥብ ነው፤ ቤት ውስጥ አንዱ ሲጾም ሌላው ለምን አብሮት እንደሚሆን ያስረዳል።

ዝግጅቱ ከማጀት ይጀምራል። ቅቤ የነካው ድስትና ማማሰያ ታጥቦ ለብቻ ይቀመጣል። ምስሩ ይለቀማል፣ ሽሮው ይነፋል፣ ሱፉ ይወቀጣል፣ ተልባው ይቆላል። ወደ ተራራው ወጥቶ ሱባኤ ለሚገባው ሰው በሶ ይፈጫል፣ የሽምብራና የገብስ ቆሎ በፌስታል ይቋጠራል። ከቤተሰቡ አንዱ ብቻ ቢወጣ እንኳ ስንቁን ያዘጋጁት ሁሉ የሱባኤው ተካፋይ ናቸው፤ የሚወጣውም ሰው የእያንዳንዳቸውን ስም በጸሎት እንዲያስብ አደራ ተቀብሎ ነው የሚሄደው።

ልጅ መቼ ይጹም የሚለው በየቤቱ የሚነሣ ክርክር ነው። በተለመደው ትምህርት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ቀስ በቀስ ይለማመዳል። ልምድ ያላቸው እናቶች የሚያደርጉት ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ወተትና ሥጋ ይቀራል፤ ቀጥሎ ቁርስ ትንሽ ይዘገያል፤ ልጁ በራሱ ጊዜ «እስከ ስድስት ሰዓት እቆያለሁ» ብሎ ሲጠይቅ ይፈቀድለታል። ተገድዶ የጾመ ልጅ ጾሙን እንደ ቅጣት ነው የሚያስታውሰው። ፈቅዶ የጀመረው ግን ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበላትን የሽሮ ፍትፍት አይረሳትም።

የሕፃናት ነገር ከዚህም ያለፈ ነው። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያው ዕለትም ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ። ሕፃኑ ገና አፉን ሳይፈታ ቆራቢ ነው። በፍልሰታ ሰሞን በእንጦጦም ሆነ በከተማው አድባራት የሚቆርቡትን ያየ ሰው ከፊት የሚሰለፉት ሕፃናትና ልጆች፣ ከኋላ ደግሞ አረጋውያን መሆናቸውን ያስተውላል። መሐል ያለው ትውልድ፣ ማለትም ወላጆቹ፣ ልጃቸውን ታቅፈው ያቀርቡና ራሳቸው ሳይቆርቡ ይመለሳሉ። ይህ ዝም ተብሎ ሊታለፍ የማይገባ ነገር ነው። ልጁን ለማቁረብ ሌሊት ተነሥቶ ዳገት የወጣ አባት ራሱን ከማዕዱ የሚያገልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እምነት ማጣት አይደለም፤ ያልጨረሰው ጉዳይ ስላለው ነው። ያልተናዘዘው፣ ያልታረቀው፣ ወይም በሥርዓት ያልጸናው ትዳሩ ይይዘዋል።

የነፍስ አባት በር ሲያንኳኩ

ለዚህ ነው የዝግጅቱ ቁልፍ ሰው ንስሐ አባት የሚሆኑት። በጥንቱ ልማድ እያንዳንዱ ቤት አንድ የነፍስ አባት አለው። ባልም ሚስትም ልጆችም ለአንድ ካህን ይናዘዛሉ። ካህኑ በዓል ሲሆን ጸበል ይዘው ይመጣሉ፣ ቤቱን ይረጫሉ፣ ቤተሰቡን በመስቀል ይባርካሉ፣ ከቀረበው ይቀምሳሉ፣ የሞተ ሲኖር ይፈታሉ። የሰሙትን ኑዛዜ ለማንም አይናገሩም፤ ባል የተናዘዘውን ለሚስት፣ ሚስት የተናዘዘችውን ለባል አያወጡም።

የዚህ አሠራር ጥበብ ለትዳር ትልቅ ነው። ሁለቱንም ወገን የሚሰማ አንድ ሰው አለ፤ ማንንም አሳልፎ አይሰጥም፤ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ቦታ መምራት ይችላል። ለባልየው የሰጡትን ቀኖና ለሚስትየዋም ሰጥተው አብረው እንዲሰግዱ፣ አብረው እንዲመጸውቱ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሽማግሌ የሚጠራው ጠቡ ከፈነዳ በኋላ ነው፤ ጥሩ ንስሐ አባት ግን ገና ሲጨስ ያውቁታል።

ዛሬ ይህ ግንኙነት ላልቷል። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ዙሪያ ተወልዶ ያደገ ስንቱ ቤተሰብ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። ንስሐ አባቱ በድሮው ደብር ቀርተዋል። በስልክ ይገናኛሉ፤ ለሠርግና ለለቅሶ ይጠራሉ። አዲስ ንስሐ አባት መያዝ ደግሞ ለብዙዎች ከባድ ነው፤ ሕይወትን ለማያውቁት ሰው እንደ አዲስ መክፈት ያሳፍራል። ካህናቱም ቢሆኑ በከተማ አንዱ የብዙ መቶ ሰዎች አባት ሆኖ የሁሉንም በር ማንኳኳት አይችልም። ሆኖም በስልክም ይሁን በአካል በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከነሙሉ ቤተሰቡ የሚገናኝ ቤት ከማይገናኘው ይሻላል። ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ መስጠት ከብዙ ሊትር ጸበል ይቀድማል።

በወንጌልም ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ክርስቶስ በተራራው ስብከት፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 5፣ መባውን ወደ መሠዊያ ያመጣ ሰው ወንድሙ ቅር የተሰኘበት መሆኑ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዛል። በኢትዮጵያ ቤት ይህ ትእዛዝ በተግባር የሚታወቅ መልክ አለው። ጾም ከመግባቱ በፊት ልጅ ለወላጅ ጉልበት ይስማል፤ ታላቅ ለታናሽ ስልክ ይደውላል፤ በውርስ የተለያዩ እህትማማቾች በእናታቸው ተዝካር ቀን ወይም በፍልሰታ ዋዜማ ይቅር ይባባላሉ። ተሳክቶ የሚያልቀው ሁልጊዜ አይደለም። የውርስ ጠብ በአንድ ይቅርታ አይበርድም፤ ቤቱ በፍርድ ቤት እግድ ላይ እያለ አብሮ መቁረብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ግን ጥያቄው በየዓመቱ መነሣቱ ራሱ ጠቡን በረጅም ዝምታ ከመደንደን ያግደዋል።

በስምምነት

ባልና ሚስትን በቀጥታ የሚመለከተው ዝግጅት በአደባባይ ብዙም አይወራም፤ በቤት ውስጥ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። በጾም፣ በሱባኤና በቁርባን ሰሞን ጥንዶች ከግንኙነት ይታቀባሉ። ቆራቢ ሰው ከመቁረቡ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መጾም እንዳለበት ሁሉ፣ ባለትዳሮችም ንስሐ አባታቸው በሚመክሩት ቀን መጠን አልጋ ይለያሉ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ ለዚህ ያስቀመጠው መመዘኛ አጭር ነው፦ ለጸሎት ሲሉ የሚለያዩት በሁለቱም ስምምነትና ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ከዚያም ይመለሳሉ። ሁለቱ ቃላት፣ ስምምነትና የተወሰነ ጊዜ፣ በብዙ ቤት የሚረሱ ናቸው። አንዱ ወገን በድንገት ሱባኤ መግባቱን ለሌላው የሚያሳውቅበት፣ ጾሙን የኩርፊያ መሸሸጊያ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ሚስቱን ሳያማክር ለ40 ቀን ገዳም የገባ ባል፣ ወይም ከባሏ ጋር መነጋገር ስላቃታት ጸሎትን እንደ ግድግዳ የምታቆም ሚስት፣ ሁለቱም ጳውሎስ ያለውን አልፈጸሙም። መንፈሳዊነት በትዳር ላይ የሚጣል ውሳኔ ሲሆን ትዳሩን ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያንም ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ የምትቆጥር ናትና በጸሎት ስም ትዳር እንዲፈርስ አትሻም።

የጋብቻው አመሠራረት ራሱ የዝግጅቱ አካል ነው። በድንግልና ለተጠበቁ ሙሽሮች ሥርዓተ ተክሊል አለ፤ አክሊል ጭነው፣ ቅዱስ ቅባት ተቀብተው፣ በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ቀድሞ ትዳር ለነበራቸው ወይም ሳይጋቡ አብረው ለኖሩ ደግሞ ከንስሐ በኋላ በጸሎትና በቁርባን የሚጸና ጋብቻ አለ። በቀደመው ዘመን አብዛኛው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነበር፤ በቁርባን የታሰረ ትዳር አይፈታምና ሰዎች እስኪተማመኑ፣ አንዳንዴም እስኪያረጁ ይቆዩ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባሕል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሦስቱንም ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ በማዘጋጃ ቤት የተጋባ ጥንድ ከዓመታት በኋላ ትዳሩን በቁርባን ማጽናት ቢፈልግ የሚከለክለው ሕግ የለም። ይህን የሚያደርጉ ጥንዶች ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ፤ ልጆች በወላጆቻቸው ሠርግ ላይ ቆመው ያስቀድሳሉ። ከዚህ የበለጠ የቤተሰብ በዓል ማሰብ ያስቸግራል።

እንጦጦ ለዚህ ጉዳይ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔዓለም በቁርባን ሲጋቡ ሁለቱም ትዳር ያዩ፣ ፍቺም የቀመሱ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን አልተለያዩም። ከስድስት ዓመት በላይ ቆይተው በእንጦጦ ማርያም አብረው ዘውድ ጫኑ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በደዌ በወደቁባቸው የመጨረሻ ዓመታት ያስታመሟቸው ጣይቱ ናቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ቀደም ብለው ሥልጣናቸውን ያጡት እቴጌ ወደ እንጦጦ ተመልሰው በማርያም ደብር አጠገብ ኖሩ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። አሁን በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም በባላቸው አጠገብ ተቀብረው ይገኛሉ። ስለ ጣይቱ ሲወራ ዐድዋና ፍልውኃ ቶሎ ይነሣሉ። በዚያ ተራራ ላይ ያሳለፏቸው የመበለትነት ዓመታት ግን፣ ዘውድ የጫኑበትን ደብር በየዕለቱ እየተሳለሙ የኖሩበት ጊዜ፣ ከሚገባው በታች ነው የሚወሳው።

አስታማሚ

ወደ ጸበሉ ስንመለስ፣ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከመላው አገሪቱ ሕመምተኛ የሚመጣባቸው ናቸው። ጸበልተኛው በባዶ ሆዱ ማለዳ ይነሣል፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ይጸለይበታል፣ ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ በመስቀል ይዳሰሳል፣ እምነት ይቀባል። ቆይታው በሱባኤ ይቆጠራል፤ 7 ቀን፣ 14 ቀን፣ 21 ቀን፣ 40 ቀን። በዚያ ብርድ፣ ክረምት ከበጋ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መግባት ለጤነኛውም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ጎን አስታማሚ አለ። አስታማሚው ሥራውን ጥሎ ወይም ሱቁን ዘግቶ የመጣ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እናት፣ እህት ወይም ሚስት ናት። በደብሩ ዙሪያ ትንሽ ክፍል ተከራይታ፣ በከሰል ሽሮ ሠርታ፣ እርጥብ ልብስ አድርቃ፣ ሌሊት ሲጮህ አብራው ነቅታ የምትከርመው እርሷ ናት። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የያዙ ቤተሰቦች በአማኑኤል ሆስፒታልና በእንጦጦ መካከል ሲመላለሱ ዓመታት ያልፋሉ። በቤቱ ሌሎች ልጆች አሉ፤ እነርሱንስ ማን ያያቸዋል? መንፈሳዊ ዝግጅት ሲባል ይህም አብሮ መታሰብ አለበት። ተረኛ የማያወጣ፣ ለአስታማሚዋ እረፍት የማያስብ ቤተሰብ ሁለት ሕመምተኛ ይዞ ይመለሳል።

በዚህ ተራራ ላይ የቤተሰብ ትርጉም በጽኑ የተፈተነበት ጊዜ የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትና በዚያ ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በእንጦጦ ማርያም ጸበል ዙሪያ ሰፍረው ነበር። ብዙዎቹ ከቤታቸው የተገለሉ፣ ዕቃቸው የተለየባቸው፣ አከራይ ያስወጣቸው ነበሩ። በየክፍሉ ሁለት ሦስት እየሆኑ ተከራይተው፣ የበረታው የደከመውን ደግፎ ወደ ጸበሉ እያወረደ፣ የሞተውን እየቀበሩ ኖሩ። የሥጋ ዘመድ የነፈጋቸውን እርስ በርስ ሰጣጡ።

መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፦ ጸበል የያዘ ሰው ክኒን ይውሰድ? መውሰድ የእምነት ማነስ የመሰላቸው ብዙዎች አቋረጡ፤ በዚህም ሕይወት ጠፍቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድም ኃጢአት አለመሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ንግግራቸው አዲስ ትምህርት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነውና ብልህ ሰው እንደማይንቀውም ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ የሕመምተኛው ቅደም ተከተል አለ፦ ይጸልይ፣ ከኃጢአት ይንጻ፣ መባ ያቅርብ፣ ከዚያም ለሐኪም ስፍራ ይስጥ። የእንጦጦ ዝግጅት ቢጻፍ ከዚህ ብዙም የራቀ አይሆንም ነበር።

ይህ ነገር ዛሬም የበርካታ ቤተሰቦች ጉዳይ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሱባኤ ሲገባ ክኒኑን ይዞ መግባት አለበት። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ላይ ቤተ ክርስቲያን ጾምን አትጭንም። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለንስሐ አባት መንገርና የጾሙን ሰዓት አብሮ መወሰን፣ ሐኪሙንም አስቀድሞ ማማከር ይገባል። ይህን ማስታወስ የታማሚው ብቻ ሥራ አይደለም። እናት ቆሎውን ስትቋጥር ክኒኑንም አብራ ትቋጥር፤ አስታማሚው የጸበሉን ሰዓት ሲቆጥር የመድኃኒቱንም ይቁጠር።

በሌላም ቤት

ይህ ሁሉ የተዋሕዶ ቤት ወግ ነው፤ ግን በአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ ውስጥ አያት ኪዳነ ምሕረትን የሚሳለሙ፣ የልጅ ልጃቸው ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ መሆናቸው የተለመደ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ ከ18 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። በወንጌላውያን ዘንድ ዝግጅቱ ሌላ መልክ አለው፦ የቤት ጸሎት፣ የጾም ጸሎት ፕሮግራም፣ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት። የቅድመ ጋብቻ ትምህርቱ ላይ በተለይ ብዙ ሠርተዋል፤ ሊጋቡ ያሰቡ ጥንዶች ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ አማች ሳይቀር አስቀድመው እንዲነጋገሩ ይደረጋል። በኦርቶዶክሱም በኩል ሰንበት ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ጉባኤ ያዘጋጃሉ፤ ከዚህም በላይ ቢስፋፋ የሚያተርፈው ትዳር ብዙ ነው።

እምነታቸው በተለያየ ዘመዳሞች ቤት ፍልሰታ ሲገባ የሚታየው መከባበር ደስ ይላል። የማትጾመው ልጅ አያቷ ቤት ስትመጣ የጾም ትበላለች፤ አያትየዋም ለእርሷ ብለው እንቁላል እንዲጠበስ ሲፈቅዱ ይታያል። ሁልጊዜ እንዲህ ሰላም አይሆንም፤ በሃይማኖት የተቆራረጡ ቤተሰቦች አሉ። ያልተቆራረጡት ግን እንዴት እንደቻሉ ቢጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት አንድ የቤት ትልቅ ሰው ነው፤ ገበታውን አልለይም ያለ አያት ወይም አባት።

ከነሐሴ 16 በኋላ

ነሐሴ 16 ጾሙ ይፈታል። ከተራራው የወረደው ሰው በጀሪካን ጸበል፣ በወረቀት የተጠቀለለ እምነት ይዞ ይገባል። ጸበሉ በየስኒው ይቀዳል፤ ሕፃኑ ይጠጣል፣ ግንባሩ ይታበሳል፣ ለታመመች ጎረቤት በሃይላንድ ተሞልቶ ይላካል። ዶሮው ይሠራል። አደራ ያሉት ሁሉ «አስታወስከኝ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ በስም ካልሆነ አይቀበሉም።

ከዚያ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ሳምንት ይደርሳሉ፤ ጠቡም በዚህ ሰሞን ያገረሻል። መስከረም 26 ደግሞ ጾመ ጽጌ ይገባል። ጽጌ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብበት ነው፤ የስደተኛ ቤተሰብ መታሰቢያ ነው። እስከ ኅዳር 5 ይዘልቅና በማግስቱ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይከበራል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዳር፣ ቁስቋም በሚባለው ሠፈር ያለ ሰው ይህን በዓል በደንብ ያውቀዋል። ጽጌ ከሰባቱ አጽዋማት አይደለም፤ የፈቃድ ጾም ነው፣ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ አይወቀስም። ስለዚህም በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ በየቤቱ ምሽት ላይ፣ ሰሐኑ ሳይነሣ፣ ዘንድሮ ጽጌን ማን ማን ይጾማል የሚለው ይነሣል፤ አንዷ እጠብቃለሁ ትላለች፣ አንዱ የፈተና ጊዜዬ ነው ይላል፣ እናትየው ለማን ምን እንደምትሠራ እያሰበች ትቆጥራለች።